ይሄ ብር ታጥቧል ወይስ ዓይኔ ነው?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኛልና እርዱኝ። የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ጥቂት ወር ቢሆነኝ ነው፣ የታጠበውን ካልታጠበው መለየት ግን አቃተኝ። አሁን እጄ ላይ ያለው 1780 የሚል የማሪያ ቴሬዛ ብር ነው (ዓመቱስ ምንም አይነግረኝም፣ በኋላ የተመታውም ያንኑ 1780 ነው የያዘው)። ሚዛን ላይ 28 ግራም መጣ፣ እሱ ልክ ነው።

ችግሩ ፊቱ ላይ ነው። መብራት ሥር ይዤ ቀስ እያልኩ ሳዘነብለው፣ ባልተነካ ሳንቲም ላይ እንደ መንኮራኩር የሚዞረው ብርሃን የለም፤ ዝም ብሎ ባንዴ ያብለጨልጫል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ደግሞ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች አሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ። በፊደሎቹ ሥር ጥቁሩ እንዳለ ነው። ሻጩ «ከሌላ ሳንቲም ጋር ሲፋተግ ነው» አለኝ፣ አልተዋጠልኝም፤ እንደዛ ቢሆን ጭረቱ የትም የትም ይሄድ ነበር፣ አይደል?

በጨርቅ የተፈተገውንስ እሺ፣ ጭረቱ ያሳብቅበታል። ኬሚካል ውስጥ ተነክሮ የወጣውን ግን በምን ታውቁታላችሁ? ከዛ በኋላ ጥቁረቱን በሰው እጅ የመለሱለትንስ? የምታዩትን ምልክት በደንብ ዘርዝሩልኝ፣ «ልምድ ነው» ብቻ አትበሉኝ።