ግብፅና ኮሪያ፦ ምንዛሪ ማርከስ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን ለምን አዙሪት ውስጥ ከተተ?

ጥያቄ
ግብፅ በኅዳር 2016 ፓውንዷን ለገበያ ለቀቀችው፤ ዶላር ከ8.8 ተነሥቶ 18 አካባቢ ደረሰ። በመጋቢት 2024 ደግሞ ከ31 ወደ 50 ዘለለ። ደቡብ ኮሪያም በ1964 ገንዘቧን ዎንን አንድ ዶላር ከ130 ወደ 255 ዎን እንዲሆን አርክሳዋለች፤ እሷ ግን ወጪ ንግዷ ተተኮሰ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ብርም በ2024 ለገበያ ስለተለቀቀ ጥያቄው ለኛም ነው።

መልስ 1
ግብፅ ለቀቅኩ አለች እንጂ መልሳ ይዛዋለች። ከ2020 እስከ መጋቢት 2022 ዶላር 15.7 አካባቢ ቆሞ ነበር። ለምሳሌ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ እየጨመረ ምንዛሪው ካልተነቃነቀ የላኪው ወጪ በ3 ዓመት 73 በመቶ ያድጋል፤ በዶላሩ የሚመነዝረው ገንዘብ ግን ያው ነው። ክፍተቱን የሸፈነው ከፍተኛ ወለድ ፈልጎ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚገዛ የውጭ ገንዘብ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል በጥቂት ወራት ወጣ።

መልስ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ የኮሪያ ነገር ግን ከተመኑ ይልቅ ባንክ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ላኪው የገዢውን ኤልሲ (የገዢው ባንክ ዕቃው ሲላክ እከፍላለሁ ብሎ የሚሰጠውን ሰነድ) ይዞ ከቀረበ ብድር ያገኝ ነበር፤ ቤት ንብረት አስይዝ አይባልም ነበር ማለት ይቻላል። ከ1965 በኋላ የተራ ብድር ወለድ 26 በመቶ ሲሆን የወጪ ንግድ ብድሩ 6.5 በመቶ ገደማ ነበር። ለላኪው ክርና ጨርቅ የሚያቀርበው የአገር ውስጥ ፋብሪካም በዚያው ኤልሲ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ብድር ያገኝ ነበር። ለውጭ ገበያ ምርት የሚገባ ጥሬ ዕቃ ያኔ ቀረጥ አልነበረበትም፤ መጠኑ በምርት ተሰልቶ የብክነት አበል (በሥራ ላይ ለሚባክነው የሚታሰብ) ይጨመርበት ነበር። የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ አበሉ ከለጠጠ ትርፉ ጨርቅ አገር ውስጥ ይቸበቸባል። ቀረጡ መጀመሪያ ተከፍሎ በኋላ ይመለሳል ከተባለ ደግሞ የትንሹ ላኪ መሥሪያ ገንዘብ ጉምሩክ ላይ ይታሰራል።

መልስ 3
ወደኛ ስናመጣው አንድ ጥንቃቄ። ከ2024 በፊት ብዙ ላኪ ሰሊጡንና ቡናውን በኪሳራ ሸጦ ኪሳራውን በዶላሩ ባስመጣው ዕቃ ያወራርድ ነበር። ስለዚህ የድሮው የወጪ ንግድ አሃዝ ራሱ ጤነኛ አልነበረም። ወርቅ ላይ የታየው ጭማሪም ከፊሉ ቀድሞ በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረው ነው፤ አዲስ ምርት ብሎ መቁጠር ያሳስታል። ቡና እንደሆነ ችግኙ ፍሬ ለመስጠት 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል፤ ተመን ስለተለወጠ በመጪው መኸር አይበዛም።

ጠያቂው
እሺ፣ ኤልሲ ይዞ የመጣ ላኪ ያለ ቤት ካርታ ብድር ያገኛል ወይ የሚለውን ልያዝ። እኛ ጋ ባንኮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነውና።