ወፍ ዘራሽ የድሮ አበቦች፦ የታሸገ ዘር፣ ችግኝ ወይስ ከሰው ግቢ የተለቀመ?

አዲሷ አትክልተኛ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንዴ ከያዙ በኋላ ዘራቸውን ራሳቸው እያራገፉ በየዓመቱ የሚበቅሉ የድሮ አበቦች ጓሮዬ ውስጥ እንዲኖሩኝ እፈልጋለሁ፤ ኮስሞስ፣ ካለንዱላ፣ ናስተርቲየም የመሳሰሉትን። የታሸገ ዘር ይሻላል፣ ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ ማምጣት ወይስ ከሰው ግቢ ዘር መልቀም? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

ፀሐይ ግቢ፦ የታሸገውን እርሺው። «የድሮ አበቦች ድብልቅ» የሚል ሥዕሉ ያማረ ፓኬት ገዝቼ፣ ውስጡ የምን የምን ዘር እንዳለ አልተጻፈበት፣ የታሸገበት ቀን የለው። ስከፍተው ግማሹ ገለባ። ሻጩ ጋ ተመልሼ ስሄድ «ውሃ አብዝተህበት ነው» ብሎ ሸኘኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለምለም፦ የማን ፓኬት ነው? ንገረንና እንጠንቀቅ።

ፀሐይ ግቢ፦ ስም አልጠራም። ብቻ ድብልቅ የሚባል ነገር ሁለተኛ ቤቴ አይገባም።

ለምለም፦ እኔም ጋ ከድብልቅ የወጣው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ውጦት ቀረ።

የማለዳ ጤዛ፦ ጽጌረዳ ከሆነ በዘር አትድከሚ። ጠንከር ያለ ቅርንጫፍ ከአንጓው ሥር ቆርጠሽ ጥላ ቦታ ትከዪው።

ቀጥተኛው፦ ጽጌረዳ ማን ጠየቀ? ቀጥሎ የሣር ማጨጃ ማሽን እንዳይመጣ ብቻ።

ታማኝ ደንበኛ፦ ከደንበኛዬ ሱቅ ውጪ ዘር ነክቼ አላውቅም። አበባው ድርብ፣ የአበባው ቅጠል በላይ በላዩ የተነባበረ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ።

ቀጥተኛው፦ ታዲያ በዓመቱ ራሱ በቀለ?

ታማኝ ደንበኛ፦ በየዓመቱ ነው የምገዛው። ቢሆንም ከነሱ የሚበልጥ የለም።

አፈር ወዳድ፦ እህቴ፣ ዋናው ነገር የት ተገዛ ሳይሆን ዘሩ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ካለ ዲቃላ ነው፤ ከሱ የሚወርደው ዘር ቢበቅልም እናቱን አይመስልም። በጣም ድርብ የሆኑት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘር አይቋጥሩም፣ ቢቋጥሩም ጥቂት ነው። አንተም ጋ ሳይሆን አይቀርም የሆነው፣ ታማኝ ደንበኛ። ነጠላ አበባ ያለውን፣ ስሙ በግልጽ የተጻፈውን ያዢ።

ከሰው ግቢ መልቀም ከቻልሽ እኔ እሱን አስቀድማለሁ፤ እናትየውን በዓይንሽ አይተሻታላ። የኮስሞስ ዘር ቀጭን ጥቁር መርፌ ይመስላል። የካለንዱላው ጥቅልል ብሎ ሻካራ ነው። የናስተርቲየሙ ትልቅና የተጨማደደ ነው፣ ሲበስል ራሱ መሬት ላይ ይወድቃል፤ እሱን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው። ፎክስግሎቭና ስናፕድራገን ግን ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ፣ አፈር ሳታለብሺ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ፎክስግሎቭ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ የሚያብበው በሁለተኛው ነው፣ ስለዚህ አረም መስሎሽ እንዳትነቅዪው። መርዛም ስለሆነ ሕፃን ወይም ከብት ካለ ይቅርብሽ። ችግኝ ለስናፕድራገን ይሆናል፤ ፓፒን ግን እዚያው መደቡ ላይ ዝሪው፣ ሥሩ ሲነካ አይወድም።

ከዚያ በኋላ የደረቀ አበባ ሁሉ አትቁረጪ፤ መጨረሻ ላይ ያበቡትን ተዪያቸው፣ ዘር የሚያራግፉት እነሱ ናቸው። መደቡን በጉዝጓዝ አትሸፍኚ፣ ቡቃያውንም ሳትለዪ አትኮትኩቺ። ፍግም አታብዢ፤ ናስተርቲየም አፈሩ ሲወፍር ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ አያብብም።

ፀሐይ ግቢ፦ ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ያ ሻጭ ገንዘቤን ሊመልስልኝ ይገባ ነበር።

ለምለም፦ በደንብ ነዋ!

አዲሷ አትክልተኛ፦ አፈር ወዳድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፤ ዶሮዎች ቡቃያውን እንዳይጭሩት ምን ታደርጋላችሁ?

የማለዳ ጤዛ፦ ተቆርጦ የወደቀ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ካለሽ መደቡ ላይ በትኚው፤ እሾሁን ፈርተው አይጠጉም።