ክርክር፦ የግብፅን ሙሚ ሳይፈቱ በሲቲ ስካን ማየት ክብር ነው ወይስ መግፈፍ?

መነሻ፦ የፈርዖን ቀዳማዊ አሜንሆቴፕ ሙሚ (በሽቱ ታሽቶ የደረቀ አስከሬን) እ.ኤ.አ. በ1881 ከተገኘ ጀምሮ ጭምብሉና የአበባ ጉንጉኑ እንዳይበላሽ ጨርቁ ሳይፈታ ቆይቷል። በ2021 መጨረሻ ራዲዮሎጂስቷ ሳሃር ሳሊምና የግብፅ ጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪው ዛሂ ሐዋስ ፊቱን፣ ጥርሱን፣ መገረዙን ሳይቀር በሲቲ አይተው ለሕዝብ አወጡት። ተገቢ ነው?

ባለራጁ፦ እንዴታ! ድሮ የነበረው አማራጭ ቢላዋ ነው። ፈርዖን ቱታንካሙን በደረቀ ሙጫ ከሣጥኑ ጋር ተጣብቆ ስለነበር መቃብሩን ያገኘው የአርኪዮሎጂስቱ የሃዋርድ ካርተር ቡድን በ1925 አስከሬኑን ቆራርጦ ነው ያወጣው። በ1968 በራጅ ሲታይ ራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ተገኘና «ተመትቶ ተገደለ» ተባለ። 1,700 ያህል ምስል የተነሳበት የ2005ቱ ሲቲ ግን ስባሪው ልቅ መሆኑን አሳየ። ከመገነዙ በፊት ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ቅሉ ውስጥ የፈሰሰው ሙጫ ይይዘው ነበር።

የዓባይ ልጅ፦ አለመጉዳት ሌላ፣ መፍቀድ ሌላ። ሰው የሚገነዘው ገላው እንዲሸፈን ነው። ራቁቱን በስክሪን ማሳየት ከመግፈፍ በምን ይለያል?

ባለራጁ፦ የገፈፉትስ የጥንት ሌቦች ናቸው። ስካኑ ያሳየን አሜንሆቴፕን ፈተው ዳግም የገነዙት የ21ኛው ሥርወ መንግሥት ካህናት የተነቀለውን ራሱን ሙጫ በነካው በፍታ አስረው እንደመለሱ፣ 30 ክታብና ጌጥም እንደተዉለት ነው። «ካህናቱ የፈቱት ወርቁን ለመውሰድ ነው» የሚለው ጥርጣሬ የተነሣላቸው በዚህ ነው።

ፊዚክስ ወዳጅ፦ ሁለታችሁም ንባቡ ራሱ እንደሚሳሳት ዘላችሁታል። የሲቲው የጥግግት መለኪያ ውኃን 0፣ አየርን −1000 ብሎ ይነሣል፤ «ይህ ጡንቻ፣ ይህ ስብ» የምንልበት ክልል ግን የወጣው ከሕያው ሰው ነው። ናትሮን (ለግነዛ የሚያገለግል ጨው) ውኃውን መጥጦ የጨረሰው ሥጋ፣ ሙጫና ሆድ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ቁጥራቸው ይቀላቀላል። ዋርሶ፣ ፖላንድ ያለችውን ሙሚ አስታውሱ፤ በ2021 «ነፍሰ ጡር ናት» ተባለ። አጥንት የት አለ ሲባል «አሲድ አሟሟው» ተባለ። በ2024 የወጣው ድጋሚ ምርመራ ግን ጽንስ ሳይሆን በግነዛ ጊዜ የተጨመረ ነገር ነው አለ። ስለዚህ የእያንዳንዱ የምስል ቁርጥ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን፤ በሁለት የራጅ ኃይል፣ ለምሳሌ በ80 እና በ140 ኪሎ ቮልት፣ ይነሣ። ካልሲየም ያለው አጥንት በዝቅተኛው ይበልጥ ስለሚደምቅ ከሙጫ ይለያል። የብረት ክታብ ምስሉን በጭረት ይሞላዋል፤ እዚያ አጠገብ «በሽታ አለ» ብሎ መፈረም ትልቅ ጥፋት ነው። ሣጥኑም ቀድሞ ይለካ፤ የብዙው ማሽን ቀዳዳ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚያነሣው ማሽን) ምስሉን የሚሠራው በዋናነት ከውኃ ሃይድሮጂን ስለሆነ በተለመደው አሠራር ለደረቀ አስከሬን እምብዛም አይረዳም።

የዓባይ ልጅ፦ እንግዲያው ጥያቄዬ ጠነከረ። ሊሳሳት የሚችል ከሆነ «ነፍሰ ጡሯ» እያሉ ለዓለም ለማሳየት ምን አስቸኮለ? ስካኑን መቃወም ትቻለሁ፤ ጥሬው ፋይል ለሌላ ራዲዮሎጂስት ሳይሰጥ ግን ወደ ጋዜጣ አይሂድ።

ባለራጁ፦ በዚህ እስማማለሁ፣ ወንድሜ። የአጥንቱና የጥርሱ ምስል ግን ከጥናቱ ጋር ይውጣ። ስለ አሜንሆቴፕ «35 ዓመት ገደማ ነበር» የተባለውን ሌላው ባለሙያ አጥንቱን ሳያይ በምን ይፈትሸዋል? የገላውን ይተዉት።