ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? አራት የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ግቢ ልገዛ ነው፣ ምከሩኝ

የሐይቅ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰባት ዓመት ጂዳ ሠርቼ አምና ነው አገሬ የገባሁት። ያጠራቀምኳት ብር እንዲሁ በትንሽ በትንሹ ከማለቋ በፊት ቤት ልግዛባት ብያለሁ። ሐሳቤ ከእናቴ ጋር አንዱ ላይ እየኖርኩ የቀሩትን ክፍሎች እያከራየሁ በዚያ መተዳደር ነው። ሰው ሳልቀጥር ራሴው ላስተዳድረው።

ሁለት ግቢ አይቻለሁ። አንዱ ደሴ ነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው በኩል፣ ዳገት ላይ። ዋናው ቤት ጭቃ ነው፣ ከኋላ አራት የብሎኬት ሰርቪስ አለው። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ነው። ሁሉም ብሎኬት፣ አዲስ፣ አራት የሚከራይ ክፍል ያለው። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፣ ግን የኮምቦልቻው በጣም ይረክሳል። ካርታው "በሂደት ላይ ነው" አሉኝ። ደላላው ደግሞ ሌላ ገዢ አለ፣ እስከ ዓርብ ቀብድ ካላስያዝሽ ያመልጥሻል እያለ በቀን ሦስቴ ይደውላል።

ሂሳቤ እንዲህ ነው። አንድ ክፍል በ2,500 ብር ቢከራይ አራቱ በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር። አከራይቼ አላውቅም። የቱን ልያዝ? ምንስ ልጠንቀቅ?

ቦርከና ማዶ

እህቴ እንኳን በሰላም ገባሽ። መጀመሪያ የዓርቡን ቀብድ ተይው። ቀብድ ማለት እኮ ዝም ብሎ መያዣ አይደለም። ሰጥተሽ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ብሩ ይቀራል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፣ በውላችሁ ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር ሕጉ ይኸው ነው። ግን ካርታ የሌለውን ሰው እጥፍ መልስ ብለሽ ስትከሺው ዓመት ያልፍብሻል።

"ካርታው በሂደት ላይ ነው" የሚለው ነገር በጣም ያሳስበኛል። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። አንቺ የምትገዢው ቤቱን እና በይዞታው የመጠቀም መብቱን ነው። ይዞታው ሕጋዊ ካልሆነ የገዛሽው ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ዳር ዳሩ ላይ ከገበሬ ተገዝቶ በሌሊት የተሠራ ጨረቃ ቤት አለ፣ አዲስነቱና ርካሽነቱ ያታልላል። ይሄኛው እንደዚያ ነው አላልኩም። ግን ሻጩን ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት መሬት ክፍል ሂጂ። ካርታው በማን ስም ነው? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለ ስንት ቀረው? የባንክ እዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው አጥር ይገጥማል? ይሄን በጽሑፍ ሳታገኚ አንድ ብር እንዳትከፍይ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ በሙሉ። ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። እኔ የገዛሁት ከአንድ ጨዋ ሰው ነበር፣ ስም ሳናዞር አዲስ አበባ ያለች እህቱ ድርሻዬ አልተሰጠኝም ብላ ከሰሰች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ፍርድ ቤት ተመላለስኩ። ከመግዛቴ በፊት የሰፈሩን የቅሬ (የእድር) ዳኛ አንድ ቀን ቡና ላይ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበርና። አንቺ ጠይቂ። ቅሬው ውስጥ የማይታወቅ የቤተሰብ ጠብ የለም። ከዚያ ውሉ በጽሑፍ፣ በውል አጽዳቂ ፊት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሁለት ምስክርና በሽማግሌ ወረቀት ብቻ አይያዝም።

የጦሳ ሥር መምህር

ልጄ፣ ደሴ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ አከራይቻለሁ። ስለ ወረቀቱ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ ስለ መሬቱ ልንገርሽ።

ደሴ ዳገት ላይ ያለ ቤት በጋ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ክረምት ነው ጉዱን የሚያወጣው። ከተማችን ናዳ የሚያጠቃው ከተማ ነው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበትን ያውቃል። ዝናብ ሲዘንብ ሄደሽ ቁሚበት። ውሃው ከላይ ካለው ግቢ በየት ይወርዳል? ድጋፍ ግንቡ ሆዱ ተነፍቷል? ግድግዳው ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አለ? አዲስ ቀለም የተቀባ ጥግ ካየሽ እጅሽን አስገቢና ዳብሺው፣ እርጥበቱን ቀለም አይደብቀውም። የጭቃው ቤት ራሱ አያስፈራሽ። ምሰሶው ምስጥ ካልበላው፣ ጣሪያው ካላፈሰሰና መሠረቱ ከፍ ካለ ለእናትሽ ከብሎኬቱ ይሞቃል፣ የደሴን ብርድ ታውቂው የለ።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳው ላይ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ አለ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ አዲስ ብሎኬት በሁለት ክረምት ይቀደዳል። በአንድ ቀን ዋጋ ልምድ ያለው ግንበኛ ወስደሽ አሳዪ። ከምታወጪው ብር ሁሉ የማይቆጭሽ ያ ነው።

ሂሳብሽ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። አሥራ ሁለቱን ወር ሙሉ አስበሻል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ አራቱም ክፍሌ በሁለት ቀን ባዶ ሆነ። ከተማው ከተመለሰ በኋላም ተከራዩ ቶሎ አልመጣም፣ የተዘረፈ በርና መስኮት ማስገጠምም ነበረብኝ። ወዲያው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች፣ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩን አምኖ ክፍል የሠራ ጎረቤቴ ተከራዮቹ ልጆች ከሥራ ሲቀነሱ ብዙ ወር ባዶ ቤት ሲጠብቅ ከረመ። ስለዚህ በዓመት አሥር ወር ብለሽ አስቢ፣ 100,000። ከዚያ ላይ ግብር አለ፣ ቆርቆሮ አለ፣ ቧንቧ አለ፣ ሽንት ቤት ማስመጠጥ አለ። የተረፈው ለእናትሽና ለአንቺ ይበቃል ወይ? ካልበቃ ብርሽን በሙሉ ግዢው ላይ አታውጪ፣ ቢያንስ ያለ ኪራይ ስድስት ወር የሚያኖርሽን አስቀሪ። ተከራዮችሽም ሁሉም ከአንድ መሥሪያ ቤት አይሁኑ። አስተማሪ፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ቢቀላቀሉ ይሻልሻል።

የሐይቅ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አንቱ ያሉትን ለእናቴ ሳነብላት "እኒህን ሰውዬ ስሚያቸው" አለችኝ። ለደላላው ቀብድ አልሰጥም ብዬዋለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ደሴ ያለው ግቢ ለአምስቱም ቤት አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። መብራቱን እንዴት ነው የምትካፈሉት? ደግሞ የአክስቴ ልጅ አንዱን ክፍል ከአሁኑ እየጠየቀኝ ነው። ዘመድ ነው፣ ውል ምናምን ማለት ይከብደኛል።

ተከራይ ነኝ

እኔ ኮምቦልቻ ተከራይ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በአምስት ዓመት አራት ቤት ቀይሬያለሁ። አንዱንም በኪራይ ጭማሪ አልለቀቅኩም። የለቀቅኩት በውሃና በመብራት ጭቅጭቅ ነው። አንድ ቆጣሪ ካለ ለየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገጥሚ፣ በየወሩ ተከራዩ ባለበት አንብቢው። እንዲያ ካልሆነ እንጀራ በምጣድ የምትጋግረውና አንድ አምፖል ያላት እኩል ይከፍላሉ፣ ከዚያ ኩርፊያ ነው። ምጣድ የምትከለክዪ ከሆነ ሰው ዕቃውን ሳያስገባ ንገሪው። ሮቶ ግዢ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ግቢ ውስጥ ሰው አይለቅም። ስለ እንግዳ፣ ስለ በር መዝጊያ ሰዓት፣ ሽንት ቤቱን ማን መቼ ያጥባል፣ ሁሉንም ቀድመሽ ተናገሪ።

አንድ ነገር ከልቤ ልለምንሽ። ክፍሉን አከራይተሽ ትርፍ ቁልፍ ይዘሽ ሰው በሌለበት አትግቢ። ለጥገና ከሆነ ደውይለት። አንድ አከራዬ እኔ ተረኛ ሆኜ ባደርኩበት ሌሊት ገብተው ዕቃዬን አዘዋውረው ጠበቁኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ቤታቸው ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቦርከና ማዶ

ለአክስትሽ ልጅም ውል ጻፊ። ይልቅ ለእሱ አስቀድመሽ ጻፊ፣ ምክንያቱም የማታውቂው ሰው ሁለት ወር ሳይከፍል ቢቀር ትጠይቂዋለሽ፣ ዘመድን ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ታልፊውና ቂሙ እስከ ለቅሶ ቤት ይከተላችኋል። ከከበደሽ እናትሽ ወይም አጎትሽ ይንገሩት። "ለሁሉም ተከራይ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የማስፈርመው" በይ፣ እውነትም አንድ ዓይነት ይሁን።

የ2016ቱን የኪራይ ቤት አዋጅም እወቂው፣ ቁጥሩ 1320 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ነው። በክልል የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ የምትገዢበት ከተማ ላይ እንዴት እንደሚሠራበት ከተማ አስተዳደሩን ጠይቂ። በእኔ እምነት አዋጁ ባያስገድድሽም በባንክ መቀበሉ ይበጅሻል። ከፍያለሁ፣ አልከፈልሽም የሚባል ክርክር የለም። ግብሩንም ከመጀመሪያው ዓመት አስታውቂ፣ የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ "ለ" ላይ ነው። ሦስት ዓመት ተጠራቅሞ ከነቅጣቱ የመጣበት ሰው አውቃለሁ፣ ግቢውን ሸጦ ነው የከፈለው።

ሌላው፣ ደሴ ያሉት ክፍሎች አሁን ሰው አለባቸው? ካለባቸው ሻጩ ሳይኖር አነጋግሪያቸው። ስንት እንደሚከፍሉ፣ ምን እንደሚያፈስ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ። ደላላው 2,500 ካለሽና እነሱ 1,800 የሚከፍሉ ከሆነ ሂሳብሽ ያኔውኑ ይለወጣል።

የሐይቅ ልጅ

ሁለቱ ላይ ሰው አለ። ዛሬ ሄጄ አንዷን አገኘኋት፣ ሦስት ዓመት ኖራለች። 2,000 ነው የምትከፍለው። ጥጉን ቤት ክረምት ውሃ ይገባበታል፣ ለዚያ ነው ባዶ የሆነው አለችኝ። ሻጩ "ልጄ ስለምትጠቀምበት ነው" ብሎኝ ነበር። ይሄን ይዤ ዋጋ እነጋገራለሁ፣ ሰኞ ደግሞ መሬት ክፍል አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። የኮምቦልቻውን ካርታው እስኪወጣ ትቼዋለሁ። ደሴ ላይ ድጋፍ ግንብ የሚያውቅ፣ እውነቱን የሚናገር ግንበኛ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከሰኞ በፊት ቢያየው ደስ ይለኛል።