የጣና ዳር ማዕበል ስንት እንደወሰደ ለመለካት ምን ይሻላል? ጥቆማ ከባሕር ዳር

ዘጌ ላይ፣ ሐይቁ ዳር የቡና ጓሮ ያለው አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ክረምት በመጣ ቁጥር ማዕበሉ መሬታችንን እየበላው ነው። ስንት እንደሚወስድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቀያሽ ልቅጠር ወይስ ራሴ ልለካው? ምን ልግዛ?»

ወንድሜ፣ እኔም የእኛን ዳር ስለካ አራት ክረምት አለፈኝ። የሞከርኩትን ሁሉ ልንገርህ።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር እናንሳ። ጣና በየዓመቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሰኔ አካባቢ ዝቅ ይላል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ከክረምቱ ዝናብ ሌላ የጨረጨራው በር (ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ያለው የውሃ መቆጣጠሪያ) እና ለመብራት ማመንጫ ወደ በለስ የሚሄደው ውሃም ከፍታውን ይለውጡታል። ዳርህ በ20 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውሃው 10 ሳንቲ ሲጨምር ጠርዙ 2 ሜትር ወደ ጓሮህ ይገባል። ያን ጊዜ «2 ሜትር መሬት ተወሰደብኝ» ትላለህ። አልተወሰደም፣ ውሃ ሸፈነው እንጂ። ስለዚህ የውሃውን ጠርዝ ትተህ የመሬቱን ቅርጽ ለካ። የምገዛውንም የምተወውንም የመረጥኩት በዚህ ነው።

ከቀያሽ ልጀምር። ቶታል ስቴሽን (ርቀትንና ማዕዘንን የሚለካ የቀያሽ መሣሪያ) ይዞ የሚመጣ ቀያሽ በሳንቲ ሜትር ደረጃ ይለካልሃል፣ ሥራውም ግሩም ነው። ችግሩ አንድ ጊዜ መጥቶ መሄዱ ነው። ማዕበል የሚለካው ከመምጣቱ በፊትና ከሄደ በኋላ ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር ቀያሽ ጠርተህ አትችለውም። እኛ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ባለሙያ ቀጠርን። መነሻ ነጥቡን፣ ማለትም ልኬት ሁሉ የሚቆጠርበትን ቋሚ ምልክት፣ ከዳሩ ሁለት እርምጃ የማይርቅ ድንጋይ ላይ ቀለም ቀብቶ አደረገው። ነሐሴ ላይ ዳሩ ሲናድ ድንጋዩም አብሮ ሐይቅ ገባ። የተከፈለበት ቁጥር ሁሉ ከምንም ጋር የማይወዳደር ሆነ። በጣም ነው ያዘንኩት። ቀያሽ የምትቀጥር ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀህ ጠይቀው፦ መነሻ ነጥቡ ከዳሩ በደንብ ርቆ፣ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ይሁን። የቤት መሠረት ወይም ትልቅ አለት ጥሩ ነው። ዛፍ አይሆንም።

የስልክ ጂፒኤስ ለዚህ ሥራ እርሳው። ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይታሰብም።

የሳተላይት ምስል በነፃ ይገኛል። ሴንቲኔል 2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት በየ5 ቀኑ ያልፋል፣ የምስሉ አንዷ ነጥብ ግን መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ያንተ ዳር በአንድ ክረምት 1 ሜትር ቢናድ አይታይህም። እኛ በምንፈልገው ወር ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። የአሥርና የሃያ ዓመት ለውጥ ለማየት ግን ጥሩ ነው። ያኔም ቢሆን ሐይቁ በተቀራራቢ ከፍታ ላይ የነበረባቸውን ቀናት መርጠህ አወዳድር።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፦ ሁለት ዘንግና የውሃ ልክ ቱቦ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኤመሪ የሚባል የባሕር ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ሁለት ዘንግ ብቻ ይዞ የባሕር ዳርን ቅርጽ መለካት እንደሚቻል አሳየ። አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ ናራቢን የሚባለው ዳርቻ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ እየተለካ ነው። አጀማመሩም በዚሁ በዘንግ ዘዴ ነበር። በዚያ ዘዴ ልክ የሚያዘው ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር እያዩ ነው። እኛ ጋ ደሴቱም ተራራውም ይጋርደዋል። ስለዚህ ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ የሚጠቀምበትን ውሃ ልክ ወሰድን።

የሚያስፈልግህ ሁለት ዘንግና ውስጡ የሚታይ ቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ነው። ለዘንግ መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ሞከርኩ። ሲደርቅ ጎበጠ፣ ተጣመመ። ብየዳ ቤት ያስቆረጥኩት ቱቦላሬ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ይከብዳል። አሁን የምጠቀመው የእንጅባራ ቀርከሃ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ከደረቀ አይጎብጥም። ግርጌው ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከጠፍጣፋ ቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ ሰሌዳ አስመታሁበት። ይህን አትዝለል። አንዱ ዘንግ 3 ሳንቲ ከሰመጠ የዚያ ቀን ልኬት ከንቱ ነው። በዘንጎቹ ላይ ከግርጌ ወደ ላይ በየሳንቲው ምልክት አድርግ።

ቱቦውን ከባልዲ ውሃ በአፍህ ስበህ ሙላው። ውሃው ውስጥ ጥቂት ጥቁር ሻይ ጨምርበት፣ ንባቡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአየር አረፋ ከቀረበት ይዋሻል፣ ስለዚህ ቱቦውን ቀጥ አድርገህ በጣትህ ቶክ ቶክ እያደረግህ አውጣው። የቱቦውን ሁለት ጫፎች በሁለቱ ዘንጎች ላይ ወደ ላይ አቁመህ እሰር። ከዚያ ከመነሻ ነጥብህ እስከ ሐይቁ ሲባጎ ወጥር። ሁለቱን ዘንጎች በሲባጎው ላይ 1 ሜትር አራርቀህ አቁም። በሁለቱም ዘንግ ላይ ውሃው የቆመበትን አንብብ። ልዩነቱ የመሬቱ ልዩነት ነው። የኋላው 82፣ የፊቱ 91 ካሉ መሬቱ 9 ሳንቲ ወርዷል። ጻፍ፣ የኋላውን ዘንግ የፊቱ ቦታ ላይ አምጣ፣ ቀጥል። ውሃው ጉልበትህ እስኪደርስ ግባ። ለሁለት ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እኔና የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው የምንለካው።

ሌላው በጣም የምመክርህ ፌሮና ሮንዴላ (ብሎን ሥር የሚገባው መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። አንድ ሜትር ተኩል ቀጥ ያለ ፌሮ አሸዋው ውስጥ አጥልቀህ ትከል። እንደ ልብ የሚንሸራተት ሰፊ ሮንዴላ አስገባበት፣ መሬቱ ላይ ይረፍ። ማዕበሉ አሸዋውን ሲቆፍር ሮንዴላው አብሮ ይወርዳል። ማዕበሉ ሲረጋ አሸዋው ተመልሶ ከላይ ይደፋበታል፣ ሮንዴላው ግን እዚያው ታች ይቀራል። አንድ የነሐሴ ሌሊት ነጎድጓዱ ሲያናውጠን አድሮ ጠዋት ሄድኩ። ፊቱ ያው ይመስላል፣ 7 ሳንቲ ብቻ ነው የወረደው። በእጄ ቆፈርኩ። ሮንዴላውን 11 ሳንቲ አሸዋ ሥር አገኘሁት። ሌሊቱን 18 ሳንቲ ተቆፍሮ፣ 11ዱ ተመልሷል ማለት ነው። ዘንጉ ብቻ ቢሆን ይህን በፍጹም አላውቀውም ነበር። ፌሮው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰርበት፣ ልጆችም ታንኳ የሚቀዝፉም እንዳይጎዱበት።

አሸዋ ያለበትና ጥቁር አፈር የሆነው ዳር ግን አንድ አይደሉም። አሸዋውን ማዕበል ወስዶ ውሃው ውስጥ፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ በረጋው ወራት ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ስለዚህ መስከረም ላይ ለክተህ አትደንግጥ፣ ጥር ላይ ድገመው። ጥቁር አፈር ወይም ሸክላ የሆነ ዳር ግን አንዴ ከተናደ ውሃው ያሟሟዋል፣ አይመለስም። ያንተ ዳር የትኛው እንደሆነ አላየሁም። ጥቁር አፈር ከሆነ ከዘንጉ ይልቅ ከቤትህ መሠረት እስከ ናዳው አፋፍ ያለውን ርቀት በሜትር መለካት ይበልጥብሃል። ቀላሉም እሱ ነው።

ፎቶም ጨምር፣ በተለይ ስልክህን ሁልጊዜ አንድ ቦታ የምታስቀምጥበት ነገር ካዘጋጀህ። እኔ አጥር ላይ የተበየደች ትንሽ የብረት ማስቀመጫ አለችኝ። ማዕዘኑ ስለማይለወጥ የዛሬውና የአምናው ፎቶ ይደራረባል። በዚያ ፎቶ ነው ደንገሉ ያልተቆረጠበት ዳር እንዳለ ቆሞ፣ የተጨፈጨፈበት ወደ ውስጥ ሲገባ ያየሁት። እባክህ ዳርህ ላይ ደንገል ካለ አትንካው፣ ጎረቤትህንም ለምነው። ማዕበሉ ዳሩ ጋ ሳይደርስ ጉልበቱን የሚሰብርልህ እሱ ነው።

ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ቱቦውን ግዛ፣ ቀርከሃውን ራስህ አዘጋጅ። ትንሽ ከተረፈህ ሁለት ፌሮ ጨምር። ቀያሹን ለአንድ ቀን ብቻ፣ መነሻ ነጥብህን እንዲተክልልህ ቅጠረው። ስትለካ ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የውሃውን ከፍታ ከመነሻ ነጥብህ አንጻር ጻፍ። የመጀመሪያውን ልኬት ሰኔ ሳይጋመስ አድርግ፣ ከዚያ ትልቅ ማዕበል በመጣ ማግስት ድገም።

እኔ ጋ 10 ሜትር ያህል ትርፍ ቱቦ አለ። ቅዳሜ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የምትመጣ ከሆነ ጻፍልኝ፣ እሰጥሃለሁ። አለካኩንም ዳሩ ላይ ቆመን አብረን እንሞክረዋለን።