ቤተ ክርስቲያናችንን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ለማድረግ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጥቢያችን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አካል ጉዳተኛ ምእመናንን በተረጂነት ብቻ ማየቱን ትቶ፣ ሌላው ምእመን በሚገኝበት ሁሉ እንዲገኙ ለማድረግ ተነሥቷል። ዋናው በር ፊት እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች አሉ። ለዊልቸር መወጣጫ 2 ሜትር ይበቃል ተብሏል። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ ስብከቱን በስክሪን በጽሑፍ ለማሳየት ታስቧል። በጀቱ ሁሉንም ባንዴ አይችልም። የቱ ይቅደም? ብዙ ጊዜስ ስሕተት የሚፈጠረው የት ላይ ነው?

ግንበኛው፦
2 ሜትሩን ተዉት። ከፍታችሁ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው ልክ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ስለሆነ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋችኋል። በ2 ሜትር የተሠራ መወጣጫ ሽቅብ ሲሄዱበት ዊልቸሩን ወደ ኋላ ይገለብጣል፤ ቁልቁል ሲወርዱበት ደግሞ በእጅ ለመያዝ ያስቸግራል። ቦታ ካነሰባችሁ መሃል ላይ ማረፊያ ሰጥታችሁ እጠፉት እንጂ ዳገቱን አታክብዱ።

ከላይም ከታችም 150 በ150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ማረፊያ ተዉ። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ፣ ዳገት ላይ ቆሞ በር የሚስብ ሰው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ወለሉን በሴራሚክ አታልብሱት፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም መቧጨር ይበቃል። ስፋቱ ከ90 አይነስ፣ በሁለቱም በኩል የእጅ መደገፊያ ይኑረው፣ ጎማ እንዳያመልጥም ጠርዙ ከፍ ይበል። የበሩን ስፋት ስትለኩ በሩ ተከፍቶ የሚቀረውን ክፍተት ለኩ፤ ከ80 በላይ መሆን አለበት።

እስኪሠራ ድረስ ሰው ከነዊልቸሩ ማንሣት ግድ ከሆነ፣ የት መያዝ እንዳለበት ባለቤቱን ጠይቁ። በክንድ ማሳረፊያውና በእግር መርገጫው አታንሡት፤ ብዙዎቹ ተነቃይ ናቸው።

የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፦
ስለ ስክሪኑ ልናገር። መስማት ለተሳነው ብዙ ሰው የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው፤ ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ያግዛል እንጂ አስተርጓሚን አይተካም።

ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ መርሐ ግብር ሁለት አስተርጓሚ ያዙ፤ በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየሩ። አንድ ሰው ብቻውን ሲዘልቅ ይደክመዋል፣ ሲደክመውም ትርጉሙን መዝለል ይጀምራል። ተመልካቹ ሁለቱንም ባንድ ዓይን እንዲያይ አስተርጓሚው ሰባኪው አጠገብ ይቁም፤ ከጀርባው መስኮት አይኑር፣ ፊቱና እጁ ይጨልማሉና። ለጸሎት ወይም ለቪዲዮ መብራት ስታጠፉ ለእርሱ አንድ መብራት ተዉለት። ምንባቡንና የመዝሙሩን ግጥም ከቀናት በፊት ስጡት፤ መዝሙር በድንገት አይተረጎምም።

የአገልግሎት አስተባባሪ፦
ከሁሉ በፊት አካል ጉዳተኛ ምእመናኑን ራሳቸውን ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ፣ ከመሐንዲሱም ጋር ያገናኟቸው። መጻጉዕ 38 ዓመት በሕመም ሲኖር ውኃው ሩቅ አልነበረም፤ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ጌታም አስቀድሞ ጠየቀው (ዮሐ. 5፥6)። ለዚህ ነው ሳይጠይቁ እጅ ጭኖ ለፈውስ መጸለይ፣ ሳይጠይቁ ዊልቸር መግፋት ሰውን የሚያርቀው። ለአምልኮ የመጣን ሰው የሁሉ ዓይን ማረፊያ ማድረግ ይሆናል።

ገንዘብ የማይጠይቁት ዛሬ ይጀመሩ። ከመሃል ረድፍ አንድ አግዳሚ አሳጥሩና 90 በ120 የሆነ ቦታ ክፈቱ፤ ከኋላ ወይም መተላለፊያ ላይ ከሆነ ከቤተሰቡ ይለያል። ለዓይነ ስውራን ጽሑፉን በስልክ ላኩ፤ በፎቶ ወይም በስካን የተላከውን ግን ጽሑፍ አንባቢው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አይችልም፣ የተተየበውን ላኩ። ዓይናቸው ለደከመ በ18 ፊደል መጠን አትሙ። አስተናጋጆች ዓይነ ስውሩን እንዳይጎትቱት አስተምሩ፤ ክንዳቸውን ከክርናቸው በላይ እርሱ ይያዝ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። መወጣጫውን እንደገና እናስለካለን። መድረኩ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው፤ እሱም ይነካ?

የአገልግሎት አስተባባሪ፦
አዎ፣ አሁኑኑ እቅዱ ውስጥ አስገቡት። ምንባብ ማንበብ የሚችል ምእመን መድረክ መውጣት ካልቻለ አሁንም እንግዳ ነው። መድረኩን ማስተካከል እስኪቻል አትሮንሱን ወደ ታች አውርዱት፤ ሁሉም አንባቢ ከዚያው ያንብብ። ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን፣ ከሥሩም ጉልበት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው።