ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የሠፈሬን ልጆች ማስነበብ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጡረተኛዋ መምህርት
ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 66 ነው። 34 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ አምና ጡረታ ወጣሁ። ጊዜ አለኝ፣ መጽሐፍም አለኝ። በሠፈሬ ከትምህርት ቤት መልስ ብቻቸውን የሚውሉ ልጆች አያለሁ። ወላጆቻቸው እስኪመሽ ሥራ ላይ ናቸው።

በነፃ ላስነብባቸው ብዬ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። «እናመሰግናለን፣ እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ይኸው አራት ወር ሆነ። ከዚያ አንዲት ጎረቤቴን ጠየቅኋት፤ ፈገግ ብላ ዝም አለች። አልተቀየምኳትም። የምንተዋወቀው ለሰላምታ ያህል ነው። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።

ቤተሰብ ሳይሳቀቅ እንዴት ይጀመራል? ሌላም አለ። ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጆች ሲናገሩ ግማሹ ያመልጠኛል። ይህ ያስቀረኛል ወይ?

አስተባባሪዋ
መምህርት፣ አራት ወር በመጠበቅዎ አዘንኩ። እኔ አረጋውያንን ከልጆች ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ቡድን ማስተባበር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ፣ ብቻዎን አይሂዱ። እንደ እርስዎ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ «ኤክስፒሪያንስ ኮር» የሚባለው ፕሮግራም አረጋውያንን በቡድን በቡድን አድርጎ ነው ወደ ትምህርት ቤት ያስገባው። አንዱ ሲታመም ሌላው አለ፣ ልጁ ባዶ ወንበር አያይም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው «ፎስተር ግራንድፓረንት» የሚባል ሌላ የአሜሪካ ፕሮግራም ደግሞ 55 ዓመት የሞላቸውን ይቀበላል፤ ግን ማንንም ከልጅ ጋር ከማገናኘቱ በፊት ጀርባውን ያጣራል። ስለዚህ እርስዎም ሳይጠየቁ ማስረጃዎን ይዘው ይቅረቡ። የሚያውቁዎትን ሰዎች ስም ይስጡ። ይህ ማንንም አያዋርድም።

ቦታው ክፍት ይሁን። ቤተ መጻሕፍት፣ የሠፈር አዳራሽ፣ ሰው የሚያልፍበት። በር ዘግቶ ከልጅ ጋር ብቻ መሆን የለም። ልጁንም እርስዎንም የሚጠብቅ ደንብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወላጅም አብሮ ይቀመጥ።

የጆሮዎ ነገር አያስቀርዎትም! ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደው ቀጭን ድምፅን ነው፤ የልጅ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። ለዚህ ነው የሚያመልጥዎ። ጫጫታ ከሌለበት ጥግ ይያዙ። ከጎን ሳይሆን በጠረጴዛው ማዕዘን ይቀመጡ፤ መጽሐፉም የልጁ አፍም ይታይዎታል። «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» ይበሉ፣ አይፈሩ። እኛ ጋ በሹክሹክታ ታነብ የነበረች ልጅ ድምፅዋን ያወጣችው እንዲህ ከሚሏት አንድ አባት ጋር ነው።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ ያቺ ዝም ያለችው ጎረቤት ልሆን እችል ነበር። የፈራሁት ክፉ ሰው ይሆናሉ ብዬ ብቻ አይደለም። ጀምረው እንዳይተዉት ነው። ልጄን አንድ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ሦስት ሳምንት አስጠንቶት ጠፋ። ልጄ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። ያ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በኋላ አንድ ጡረተኛ መካኒክ መጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት። ማንበብ አልነበረም፣ ብስክሌት መፈታታት ነበር። አባባ ብዙ አያወሩም። ልጄም ዝምተኛ ነው። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ግን ወሬው ራሱ መጣ። መምጣት ሲያቅታቸው ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ይደውላሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲረዱን እኛም የምንሰጠው ነገር ይኑረን። አባባ ስልካቸው ሲያስቸግራቸው ለልጄ ይሰጡታል። ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው። እኔም እንደ ተመጽዋች አልቆጠርም።

ጡረተኛዋ መምህርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። «ምን አጥፍቼ ነው» የሚለውን ሳነብ እንባዬ መጣ። እውነት ነው፤ በየቀኑ ልምጣ ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ አሁን ግን የማልሰርዘውን አንድ ቀን ብቻ ልይዝ ነው። ረቡዕ።

ዛሬ አብራኝ ያስተማረች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ እሺ አለች። ነገ ጎረቤቴን ልጅሽን ላስነብብ አልላትም። ስልኬ ላይ ፊደሉን ማተለቅ አቅቶኛል። ልጇ ታሳየኝ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ባለችበት።